ኧረ «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ሞላ የለም!

በዚህ የሞተር ሞላ ነገር ተቃጠልኩ! ደሴ መለዋወጫ ቤት ገብቼ የፊት ሾክ ሞላ ስል ሻጩ ጥንዱን ከመደርደሪያ አውርዶ «አብሽር፣ ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። ለየትኛው ሁሉም?

አስገጠምኩት። ወደ በሽሎ ቁልቁል ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ሞተሯ በአፍንጫዋ ድፍት፤ ድንጋይ ባገኘች ቁጥር «ጓ!» ብረት ከብረት። ያውም ገደል አፋፍ ላይ!

ቤት ስፈታው ሁለቱም ከአሮጌው የቀጠኑ ናቸው። ቁመታቸው እኩል ነው፤ ሽቦውን በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ ስለካው ግን አንዱ 4.5፣ ሌላው 4.3 ሚሊሜትር። ጥንድ ተብሎ የተሸጠልኝ! 0.2 ሚሊሜትር ምን አላት እንዳትሉኝ። የሞላ ጥንካሬ በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ነው የሚሄደው፤ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ ልዩነቱ 20 በመቶ ያህል ነው። ጥምዝምዙም መቆጠር አለበት፤ በሽቦና በስፋት እኩል ከሆኑ ጥምዝምዙ የበዛው ይለሰልሳል። ይሄ እንዴት በዓይን ግምት ይሸጣል?

አገጣጠሙስ! መካኒኩ የፊት ጎማውን ከመሬት ሳያነሳ የሾኩን የላይኛውን ክዳን ፈታው፤ ክዳኑ ተፈናጥሮ በጆሮው ሥር አለፈ። ዘይቱንም በግምት ገለበጠበት። ወንድሜ፣ ሞላው ወጥቶ፣ ሾኩ እስከ ታች ተጭኖ፣ ዘይቱ ከአፉ በሚሊሜትር ይለካል፤ ግራና ቀኙም እኩል ይሆናል!

በዚች ሞተር እኮ የጤናውም የግብርናውም ባለሙያ ገደል ለገደል ይሄዳል። ሞላ የምትሸጡ ሰዎች፣ በአላህ፣ አንድ ካሊፐር ግዙ!