ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ረጅም እረፍት

ለክቡር ረጅም እረፍት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቁስልን በስምንት ሰዓት እንቅልፍ የሚሰርዙበትን ሥልጣን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ እኛ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ አራት ኪሎ በአንድ ጓደኛችን ሳሎን ተሰብስበን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የምንጫወት፣ በእርስዎ አስተዳደር ሥር የወደቅን ተጫዋቾች መሆናችንን እናስታውቃለን። ደብዳቤው ጨዋታውን የማያውቅ ሰው እጅ ቢገባ ግር እንዳይለው ያህል፣ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን፣ ዳይስ እየጣልን፣ የጨዋታው መሪ በሚተርክልን ዓለም ውስጥ እንዋጋለን፣ እንዘርፋለን፣ አልፎ አልፎም እንሞታለን፤ የገጸ ባሕርዩ ጤና ወረቀት ላይ በቁጥር ተጽፎ ሰይፍ ባገኘው ቁጥር ይቀነሳል። እርስዎ፣ «ረጅም እረፍት» የተባሉት የጨዋታው ደንብ፣ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራዎን ሳናደንቅ ወደ አቤቱታ ብንገባ ነውር ይሆንብናል። ጦረኛችንን ኦግር የሚባል አንድ ግዙፍ ጭራቅ በቁመቱ ልክ በሆነ ዱላ ቀጥቅጦት፣ ከ38 የጤና ነጥቡ 3 ብቻ ቀርቶለት፣ ጓዶቹ በብብቱ ይዘው ዛፍ ሥር አጋደሙት። እርስዎ መጡ፤ ነጋ። የጦረኛው ባለቤት ላጲሱን አንሥቶ 3ን አጠፋና 38 ብሎ ጻፈ። ያቺ ሣጥን ከመፋቅ ብዛት ወረቀቷ ሳስቶ የጠረጴዛው ልብስ አበባ በቀዳዳው ብቅ ብሏል፤ የጎድን አጥንቱን ማን እንደጠገነለት ግን እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም። በፈረንጆቹ 2014 በወጣው ደንብ የጤና ነጥቡን በሙሉ፣ አንድ ሰዓት በሚፈጀው አጭር እረፍት ለማገገሚያ የሚጣለውን የጤና ዳይስ ደግሞ ግማሹን ይመልሱ ነበር፤ በ2024 በተሻሻለው ደንብ የዳይሱንም ሙሉውን እንዲመልሱ ተፈቅዶልዎታል። ሹመት ያዳብር።

ዘርዎን፣ ማለትም ከእርስዎ በፊት የነበሩትን የእረፍት ደንቦች፣ ለምናውቅ ግን ነገሩ ያስገርመናል። አያትዎ፣ ጨዋታው በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም፣ ለቆሰለ ሰው በየሁለት ቀኑ አንድ ነጥብ እየቆነጠሩ የሚሰጡ ቆጣቢ ሰው ነበሩ። አባትዎም በ1979ኙ የመሪዎች መጽሐፍ በቀን ከአንድ ነጥብ የማያልፉ፣ አራት ሳምንት ሙሉ ሳያቋርጥ ለተኛ ብቻ ጤናውን በሙሉ የሚመልሱ የተከበሩ ሰው ነበሩ። በ2000 የመጡት አጎትዎ ለአንድ ቀን እረፍት እንደየደረጃው፣ ማለትም አምስተኛ ደረጃ ለደረሰ አምስት ነጥብ እየሰፈሩ መስጠት ሲጀምሩ ሽማግሌዎቹ አጉረምርመው ይሆናል፤ ሆኖም መስፈሪያው ገና ከእጃቸው አልወደቀም ነበር። ቤቱ የተፈታው በ2008 ነው፤ ታላቅ ወንድምዎ ጤናን በሙሉ በስድስት ሰዓት እንቅልፍ ማደል ጀመሩ። እርስዎ በዚያ ላይ ሁለት ሰዓት በመጨመርዎ ጥብቅ ነዎት የሚሉዎት መኖራቸውን ሰምተናል።

በእኛ አገር፣ ክቡር ሆይ፣ መታመም ሥርዓት አለው። ወለም ያለውን ወጌሻ ያሸዋል፣ አጥሚት ይሠራል፣ ጎረቤት ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ «እግዜር ይማርህ» ሊል ይመጣል፤ መጥቶም አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ስለ ራሱ ጨጓራ ሲያወራ ይመሻል። በእርስዎ አስተዳደር ጎረቤት ብርቱካኑን ሳይገዛ በሽተኛው ድኖ ሌላ ዋሻ ገብቷል። ደግሞስ ስምንት ሰዓት መተኛት ይህን ያህል የሚፈውስ ቢሆን ኖሮ፣ እኛ ሰኞ ጠዋት ወገባችንን ይዘን የታክሲ ሰልፍ ላይ ምን እንሠራለን?

ይህንን ሁሉ እንኳ እንችለው ነበር። ጨዋታ ነውና፣ ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ የሚውል ጀግና ማንንም አያዝናናም፤ የቁስሉ በቶሎ መዳን ብቻውን ደብዳቤ አያጽፈንም ነበር። የከፋብን፣ ያለቀ ድግምትንም ስለሚመልሱ፣ እርስዎን ተማምኖ የሚመጣው ሰው ነው። አስማተኛችን የዋሻው በር ላይ ጎብሊን የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ጭራቆች ባየ ጊዜ፣ ለዘንዶ ይቀመጥ ያልነውን እሳት ሳይቀር ያለውን ድግምት ሁሉ ያርከፈክፍባቸውና፣ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ «እንግዲህ እንተኛ» ይላል። በጨዋታው ዓለም ጊዜው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። የ2014ቱ ደንብ በ24 ሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይጠቅሙ ስለሚከለክልዎ፣ አንድ የጀግና ቡድን በሙሉ ሰይፉን ታጥቆ እስኪመሽ ዋሻ በር ላይ ቁጭ ይላል። ልናስለቅቀው የሄድነው ነጋዴ ከውስጥ «ድረሱልኝ» ሲል ይሰማናል፤ እሱም ጨዋ ሰው ስለሆነ፣ ስንተኛ ዝም ብሎ ስንነሣ ጩኸቱን ካቆመበት ይቀጥላል።

የ2014ቱ የመሪዎች መጽሐፍ አንድ ቡድን በመካከሉ ሁለት ጊዜ ያህል አጭር እረፍት እያደረገ፣ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያ ሊወጣ ይችላል ብሎ ገምቶ ነበር። ስሌቱ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። አስማተኛው ድግምቱን ለስምንት ፍልሚያ እንዲቆጥብ ታስቦ ኃያል ተደረገ፤ አንድ ሰዓት ብቻ በሚፈጁት በታናሽዎ በአጭር እረፍት የሚያገግሙት እነ ጦረኛና እነ ዋርሎክ (ሌላ ዓይነት ባለድግምት) ደግሞ በጽናታቸው እንዲካሱ ተደረገ። በእኛ ጠረጴዛ ግን ቀኑ አንድ ፍልሚያ ነው፤ አስማተኛው ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ታናሽዎም ሥራ ፈት ሆነዋል። 50 ወርቅ አውጥቶ፣ ባለ አራት ገጽ ዳይስ ሁለቴ ጥሎ ውጤቱ ላይ ሁለት ጨምሮ ጤና የሚመልስ የፈውስ ጠርሙስ የሚገዛም ጠፍቷል፤ እንቅልፍ በነፃ እየታደለ ማን ይገዛል?

በሌሊት ጠላት ተልኮብዎ ይነቃሉ ብለን ተስፋ ያደረግንበት ጊዜም ነበር። በ2014ቱ ደንብ ግን የሚያቋርጥዎ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ጉዞ ወይም ውጊያ ነው ብለው የሚያነቡልዎ ጠበቆች አሉዎት፤ አንዱ የውጊያ ዙር 6 ሰከንድ በሆነበት ጨዋታ ይህ 600 ዙር መሆኑ ነው። በ2024 ውጊያ መጀመሩ ብቻ እንዲያቋርጥዎ መደንገጉን በደስታ ተቀብለናል። ጠበቆችዎ ግን አላረፉም፤ ባለፈው መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ስንጫወት፣ ሳሎኑ ስለጨለመ ለገጸ ባሕርያቱም እንደ ሌሊት ይቆጠርልን የሚል ጥያቄ በቁም ነገር ቀርቧል።

መፍትሔውን በተመለከተ፣ ያው የ2014ቱ የመሪዎች መጽሐፍ አጭሩን እረፍት ስምንት ሰዓት፣ እርስዎን ደግሞ ሰባት ቀን የሚያደርግ አማራጭ አስቀምጧል። አሳቡን ለጠረጴዛው ስናቀርብ አስማተኛችን ደመወዙ እንደታገደበት የመንግሥት ሠራተኛ ጮኸ፤ ጩኸቱን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ፣ አማራጩ መንገድና ተንኮል ለበዛበት ታሪክ እንጂ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዋጉ ለሚገባበት ዋሻ እንደማይስማማ እኛም እናምናለን። ሰዓትዎ ይሻሻል አንልም። የምንለምንዎ እርስዎ በመጡ ቁጥር ዓለሙም አብሮ እንዳይተኛ ነው፦ እኛ ስናንኮራፋ ጎብሊኖቹ የሞቱባቸውን ይቁጠሩ፣ በሩን በግንድ ይዝጉ፣ ከወዲያኛው ሸለቆ ዘመድ ይጥሩ፣ ነጋዴውንም በጓሮ መውጫ ወደ ሌላ ቦታ ያሻግሩት። ለዚህ አዲስ ደንብ ማውጣት አያስፈልግም፤ የጨዋታው መሪ ከእኛ እንቅልፍ ትይዩ የጎብሊኖቹን የሌሊት ሥራ በአንድ መስመር ቢጽፍ ይበቃል። ያን ጊዜ «እንተኛ» የሚል ሰው በፊት የሚያስከትለውን ሒሳብ ይሠራል፤ ቢተኛም ተሳቅቆ ይተኛል።

ለሚያደርጉልን ቀና ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር
የእሑድ ተጫዋቾች፣ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአጭር እረፍት
ለፈውስ ጠርሙስ ሻጮች
ለታሰሩት ነጋዴ፣ ዋሻው ውስጥ
ለአስማተኛችን፣ ሲነሣ ይሰጠው