ውክልናው አብሮ ይቀበራል

ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ በተዘጋጀ የአዲስ አበባ አፓርታማዎች ሽያጭ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ «እኔ ብሞት ይህ ቤት ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ሻጩ ለአፍታ እንኳን አላመነታም። «አይጨነቁ እናቴ፣ እዚህ አሜሪካ ያሠሩት ኑዛዜ ካለ እሱ ይበቃል፤ ከሌለም አገር ቤት ለሚያምኑት ሰው ውክልና ይስጡ፣ አለቀ» አላቸው። አዳራሹም አጨበጨበ።

ጸቤ «አለቀ» ከምትለው ቃል ጋር ነው። ሰውየው የሚሸጠው ቤት ነው፤ የውርስ ሕግ ባያውቅ ማንም አይፈርድበትም ነበር። «አላውቅም፣ ጠበቃ ይጠይቁ» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? እሱ ግን ሰዎች የሃያ ዓመት የሌሊት ሥራ ደመወዛቸውን ይዘው በተቀመጡበት አዳራሽ ሁለት ስሕተቶችን በአንድ ትንፋሽ አስተምሮ ጭብጨባ ተቀበለ።

ውክልና የወካዩ እጅ ነው፤ ሰውየው ሲሞት እጁም ይሞታል። ቤት ለመግዛት፣ ኪራይ ለመሰብሰብ፣ ባንክ ለመመላለስ የሚያገለግለው ያ ማኅተም የበዛበት ወረቀት ወካዩ ባረፈበት ዕለት ሥልጣኑ ያበቃል፤ ከወካዩ ጋር አብሮ ይቀበራል። ከዚያ በኋላ ወኪሉ የሚነካው የወራሾችን ንብረት ነው። ስንት ደግ ወንድም «እሱ የሰጠኝ ውክልና አለ» እያለ ከቀብር በኋላ ኪራይ ሲሰበስብና ግብር ሲከፍል ቆይቶ፣ የሟች ልጆች ከውጭ መጥተው ሒሳብ ሲጠይቁት እንደ ሌባ ችሎት ፊት ቆሟል! «ለሚያምኑት ሰው ውክልና ይስጡ» የሚለው ምክር ለዚያ ለታመነው ሰው ወጥመድ ነው። ይህን ለመናገር ድፍረት ያገኘ ሰው ስለሞት ሲጠየቅ የሕያዋንን ወረቀት እየሸጠ ነው።

ወደ አሜሪካው ኑዛዜ እንምጣ። ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ ለተለመደው ኑዛዜ የሚጠይቁት ሁለት ምስክሮችን ነው። የእኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 881 በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ ሁሉም ወዲያውኑ እንዲፈርሙበት ያዛል። ሁለት ምስክሮች የሚበቁት ከመካከላቸው አንዱ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ሹም ሆኖ በሥራው ላይ ሲገኝ ነው። እንግዲህ በሲልቨር ስፕሪንግ በሁለት ሰው ፊት የተፈረመ ወረቀት አዲስ አበባ ሲደርስ ምን ይገጥመዋል? የትኛው አገር ሕግ ይገዛዋል ለሚለው ጥያቄ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዝም ብሏል። በውጭ ፍርድ ቤት የጸደቀ ነው ቢባል እንኳን የውጭን ፍርድ አገር ቤት ማስፈጸም ራሱን የቻለ ክስ ነው፤ የዚያ አገር ፍርድ ቤቶች የእኛን ፍርድ ያስፈጽማሉ ወይ የሚለው ሁሉ ይጠየቃል። ኑዛዜውን ማፍረስ የሚፈልግ ዘመድ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አያገኝም።

ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሰው ደግሞ፣ «እህትና ወንድም እያለ ኑዛዜ ማለት ጥርጣሬ ነው፤ የእኛም ባህል አይደለም» ሲሉ ሰማኋቸው። ከሻጩ ይልቅ ያሳዘኑኝ እሳቸው ናቸው። ባህላችን አይደለም? አያቶቻችን ሕመሙ ሲበረታ የነፍስ አባታቸውንና ሽማግሌዎችን አስጠርተው፣ የማን ዕዳ እንዳለባቸው፣ በሬው ለማን፣ መሬቱ ለማን እንደሚሆን በአደባባይ ተናግረው ነው ዓይናቸውን የከደኑት። ለነፍስም ለሀብትም የምንጠቀምበት ቃል አንድ ነው፤ ኑዛዜ። እነሱ ያልፈሩትን እኛ ምን አስፈራን?

ለመሆኑ ኑዛዜ ባይኖር ሕጉ እንዴት እንደሚያከፋፍል እኒያ ሰው አስበውበታል? ልጅ ያለው ሰው ሞቶ እንደሆነ የሚወርሱት ልጆቹ ብቻ ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቤቱን የጠበቀችው፣ እናታቸውን ያስታመመችው፣ ከውኃና ከመብራት ጽሕፈት ቤት ጋር ስትጨቃጨቅ የኖረችው እህት ምንም አታገኝም፤ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ማስረከብ ብቻ ነው ድርሻዋ። «እንተማመናለን» የተባባሉት ወንድሟ በዝምታቸው ያወረሷት ይህን ነው። አንዲት አንቀጽ፣ «ለእህቴ ይህን ያህል» የምትል አንዲት አንቀጽ ታድናት ነበር።

ሚስትስ? ብዙ ሰው አያምነኝም፤ በሕጋችን ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደሉም። በጋብቻ ውስጥ በተገኘው የጋራ ንብረት ግማሹ የራሷ ስለሆነ ይቀርላታል። የቀረው ግማሽ የልጆቹ ነው፤ ልጅ ከሌለው የወላጆቹ፣ እነሱም ከሌሉ የእህት ወንድሞቹ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሁለት ሥራ እየሠራች አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ያለውን አፓርታማ ክፍያ ከባሏ እኩል የከፈለች ሴት፣ ባሏ ልጅም ወላጅም ሳይኖረው ከሞተ በቀብሩ ማግስት ከባሏ ወንድሞች ጋር ግማሽ በግማሽ ልትካፈል ትቀርባለች። ታዲያ ጥርጣሬው የቱ ጋ ነው? ሚስቱን የሚወድ ሰው ነው ኑዛዜ የሚጽፈው።

«በስልክ ነግሬያቸዋለሁ» የሚሉም አሉ። ሕጉ የቃል ኑዛዜን የሚያውቀው ሞት የተቃረበ መሆኑን ለተረዳ ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት ነው፤ በእሱም ከቀብር ሥርዓትና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት ከመሰየም አልፎ ማውረስ የሚቻለው እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ ነው። በዛሬ ብር አምስት መቶ! አፓርታማ በስልክ አይወረስም።

ልጆቹ ሩቅ ናቸው፤ ጊዜው ግን አይጠብቃቸውም። መብቱን ያወቀና ሌላ ሰው ንብረቱን መያዙን የተረዳ ወራሽ ክስ ለማቅረብ ያለው ሦስት ዓመት ነው። ለአንድ ዓመት ሐዘን፣ ለሌላው ዓመት «ቤተሰብ ነው፣ ይተወው» በሚል ይሉኝታ ሲያልፍ ስንት ቀረ?

እቀበላለሁ፣ ኑዛዜ ያለው ቤተሰብም ይካሰሳል። ነገር ግን የሚካሰሰው ሟቹ በተናገረው ላይ ነው፤ ኑዛዜ የሌለው ቤተሰብ የሚካሰሰው ሟቹ ሳይናገር በተወው ሁሉ ላይ ነው።

በእጃችሁ ጽፋችሁ መሳቢያ ውስጥ ያኖራችሁም አትዘናጉ፤ በራስ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። አዲስ አበባ ሄዳችሁ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ያሠራችሁም ብትሆኑ ከተመለሳችሁ በኋላ እዚህ አዲስ ኑዛዜ ስትፈርሙ የመጀመሪያውን መስመር አንብቡ። አብዛኛው የአሜሪካ ኑዛዜ «ከዚህ በፊት ያደረግሁትን ኑዛዜ ሁሉ ሽሬአለሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ጠበቃው ስለ አዲስ አበባው ቤት ካልነገራችሁት የኢትዮጵያውን ኑዛዜ በገዛ ብዕራችሁ ሽራችሁት ልትመለሱ ትችላላችሁ። ይህ ኑዛዜ ኢትዮጵያ ያለውን ንብረቴን አይመለከትም የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት፤ የአገር ቤቱም እንዲሁ ኢትዮጵያ ላለው ንብረት ብቻ መሆኑን ይናገር።

ቤት ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስደው የሚሄዱ ሰዎች ለዚህ አንድ ቀን ያጣሉ ብዬ አላምንም። ሻጮቹም ቢሆኑ የወለሉን እብነ በረድ ዓይነት ለማስረዳት አንድ ሰዓት ከቆሙ፣ «ኑዛዜዎን አገር ቤት ያድርጉ» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አያጡም። ይህን የማይናገር ሻጭ ማይክሮፎን ሊሰጠው አይገባም።

እኒያ እናት ቅድሚያ ክፍያውን ከፍለው ፈርመው ወጡ። በር ላይ ደርሼባቸው አንድ ሁለት ቃል ጀመርሁ፤ የሚወስዳቸው መኪና መጥቶ ስለነበር ቸኮሉ። «ለወንድሜ ውክልና እልካለሁ ልጄ፣ እሱ ያውቃል» ብለውኝ ሄዱ።