የአስር ብር ቆሎ ከነስልክ ቁጥሩ

ትናንት ታክሲ ተራ ላይ የአስር ብር ቆሎ ገዛሁ። ጨርሼ ጥቅሉን ስፈታው የተረጂዎች ዝርዝር ነው። ስም አለ። ስልክ አለ። የቤተሰብ ብዛት አለ። ዳር ላይ «ልዩ ሁኔታ» የሚል አምድ አለ፤ ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ማንን ባሏ ጥሏት እንደሄደ ፍንትው ብሎ ተጽፏል። ግልጽነት ማለት ይኼ ነው! ድሮ የሰው ገበና ለማወቅ ቡና ላይ ግማሽ ቀን መጎለት ነበረብን። ዛሬ አስር ብር ይበቃል፤ ቆሎው ደግሞ ምርቃት።

ለእርዳታ ሠራተኞቻችን ያለኝ አክብሮት እጥፍ ሆነ። ድካማቸውንም በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የእርዳታ ማደያ ቦታ ላይ አንዲት እናት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ቆመዋል።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ይጫኑት።»
«ምን ይላል ልጄ?»
«ዘይት ይላል።»

ወረቀቱ የሚለው፣ መረጃዎንና ፎቶዎን ለምንፈልገው ሁሉ እናካፍላለን ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ። ልጁ በአንድ ቃል ገላገላቸው። እንዲህ ያለ አስተርጓሚ ከየት ይገኛል? እማማም ፈቀዱ። ዘይቱ ፊት ለፊት ተደርድሮ እምቢ የሚል ካለ እስቲ ይምጣ።

ቀጥሎ ፎቶ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ ሲያደርጉ «ገለጥ ያድርጉት፣ ለሪፖርት ነው» ተባሉ። ማታ ፌስቡክ ላይ ወጡ። ካልተለጠፈ ዘይቱ አይጸድቅም መሰለኝ።

ዝርዝሩ ደግሞ «የመጨረሻ የመጨረሻ 3» የሚባል ኤክሴል ሆኖ ቴሌግራም ግሩፕ ይገባል። ግሩፑ ውስጥ ሥራ የለቀቁት አሉ፣ ሾፌሩ አለ፣ የሾፌሩ የአክስት ልጅ አለ። የይለፍ ቃል? እርስ በርስ ካልተማመንን ምኑን ሰብአዊ ሆንነው!

ጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እንኳ እዚህ ደረጃ አልደረሰም። በፈረንጆቹ ጥር 2022 የ515 ሺህ እና ከዚያ በላይ ሰዎች መረጃ በሰርጎ ገቦች እጅ መውደቁን አወቀ። በግጭትና በስደት ከቤተሰባቸው የተለያዩ፣ የጠፉ፣ የታሰሩ ሰዎች መረጃ ነው። አንድ የሶፍትዌር ቀዳዳ በጊዜው አልተደፈነም ነበር። ምስኪን ሰርጎ ገቦች፣ ያንን ቀዳዳ ሲፈልጉ ስንት ለፍተዋል! እኛ ጋ ቢመጡ ኖሮ ቆሎ ቆርጥመው ይመለሱ ነበር። ኮሚቴው ይባስ ብሎ ጉዱን በራሱ አፍ ተናገረ፤ መረጃቸው የወጣባቸውንም ሰዎች ፈልጎ ለመንገር ተነሳ። ምን የሚሉት ወሬ አቀባይነት ነው?

«እኛም አዋጅ አለን» የሚሉ አይጠፉም። አለን፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የጤና መረጃን ስሱ ብሎ ለብቻው ያየዋል። እኛስ? ለብቻው አምድ ሰጠነው እኮ!

ቆሎ ሻጯን ወረቀቱን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት።

«ከቢሮ የሚወጣ ነው፣ በኪሎ ነው የምንገዛው» አለችኝ። «የነሱ አሪፍ ነው፣ ቶሎ አይቀደድም።»

የአስር ብር ጨመርኩ። ገጽ 7 ደረሰኝ።