ጣፊያውን ማትረፍ አይቻልም ነበር?

አጎቴ የቀወት ሰው ነው። ሸዋሮቢት ዳር ማሾ ይዘራል። ቆሽቱ ጫፍ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ተገኘበትና አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ካንሰር አልነበረም። ቁስሉም ቶሎ ዳነ። ከወራት በኋላ፣ መስከረም ላይ፣ ትኩሳት ይዞት ደብረ ብርሃን መጣ። ወጣቷ ሐኪም ወረቀቱን አገላብጣ፣ «አባቴ፣ ጣፊያ የለዎትም እኮ፤ አልነገሩዎትም?» አለችው። አልነገሩትም። ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ በቃል ያስረዳው ግን የለም።

እኛ ጣፊያ ትዝ የሚለን ስንሮጥ ጎናችንን ሲወጋን ነው። ወይ ደግሞ ወባ ተመላልሶ ሲያሳብጠው። ከግራ ጎድን ሥር የተሸጎጠ፣ በጤነኛ አዋቂ ሰው 150 ግራም ገደማ የሚመዝን አካል ነው። ሥራው ግን ከባድ ነው። ያረጁ ቀይ የደም ሴሎችን ከደም ውስጥ ይለቅማል፤ ወባ የገባባቸውንም ጭምር። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ባክቴሪያዎችን ከደም ለማጥራት ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም እሱ ነው። ጣፊያ የሌለው ሰው በእነዚህ ከተያዘ፣ ተራ ብርድ ብርድ የመሰለው ነገር በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ይህ ስጋት ዕድሜ ልክ አይለቀውም።

ታዲያ ቆሽት ለታመመ ሰው ጣፊያው ለምን ይወጣል? ጉርብትናቸው ነው ጣጣው። የቆሽት ጭራ ጣፊያ ደጃፍ ድረስ ይዘልቃል። የጣፊያ ደም ሥሮችም ቆሽትን ተለጥፈው ነው የሚሄዱት። በተለይ ደም መልሱ በብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ከቆሽቱ ጋር ተሳስሯል። እነሱን አንድ በአንድ እያሰሩ መቁረጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዷ ካመለጠች ደም ይፈሳል። ስለዚህ ለረጅም ዘመን የተለመደው የቆሽቱን ጭራና ጣፊያውን አንድ ላይ ማውጣት ነበር። ይቀላል፣ ይፈጥናል።

ግን ሌላ መንገድ አለ። አንደኛው፣ ጊዜ ወስዶ ደም ሥሮቹን ከነጣፊያው ማትረፍ ነው፤ በጃፓናዊው ሐኪም በኪሙራ ስም ይጠራል። ሁለተኛውን አሜሪካዊው ዋርሾ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ጽፎ አሳውቋል። በዚህኛው ዋናዎቹ ደም ሥሮች ከቆሽቱ ጋር ይቆረጣሉ፤ ጣፊያው ከጨጓራ በኩል በሚመጡ አጫጭር ደም ሥሮች እየተመገበ ይቆያል። አንዳንዴ ደም አንሶት የጣፊያው ከፊል ሊሞት ይችላል። ቢሆንም መሞከሩ ዋጋ አለው።

ሁልጊዜ ይቻላል አልልም። ካንሰር ከሆነ ጣፊያው ደጃፍ ያሉት ንፍፊቶች መውጣት ስላለባቸው ጣፊያውም አብሮ ይሄዳል። ደም አልቆም ካለም ነፍስ ይቀድማል። እኔ የምሟገተው እንደ አጎቴ ላለው ሰው ነው። ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ቆላ የሚኖር ሰው ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይጠብቀዋል። ለእሱ ጣፊያ ማጣት ለደገኛው ከማጣት ይብሳል። ቀዶ ሐኪሙ ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት «አገርህ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን አለበት? የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ግቢ በስመ ጥሩው ቀዶ ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ተሰይሟል። እዚያ የሚማሩት ልጆች ይህችን ጥያቄ ይዘው ቢወጡ ደስ ይለኛል።

ጣፊያው የግድ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በሽተኛው ቀድሞ ይወቅ። የሳንባ ምች፣ የማጅራት ገትርና የሂብ (ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ የሚባለው ባክቴሪያ) ክትባቶችን ቢቻል ከቀዶው 2 ሳምንት በፊት ይውሰድ። ትኩሳት ከጀመረው «እስኪ ነገ ልየው» እንዳይል፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ በአማርኛ ይነገረው።

ያቺ ሐኪም «ጣፊያ የለኝም፤ ካተኮሰኝ ቶሎ አክሙኝ» ብላ በአማርኛ ጽፋ ሰጥታዋለች። በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ባለፈው ቤት ሲመጣ፣ «ማትረፍ አይቻልም ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። የቀዶውን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። ተሞክሮ ይሁን አይሁን አንድም ቃል አልተጻፈም።