ፍሬናችሁን ሳታዩ ስለ ጤና አትስበኩ

የወሎ ብስክሌተኞች፣ እናንተን ነው የምንለው። «ጤና ለሁሉም» የሚል ቲሸርት ለብሳችሁ፣ ስለ ጤና ለማስተማር ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻም ባቲ ድረስ መንዳታችሁ ያስመሰግናል። ግን የፍሬን ጎማው ተበልቶ ብረቱ እየታየ፣ ሄልሜታችሁን ቤት ጥላችሁ ስለ ሰው ሕይወት ስታወሩ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ነው የሚሆነው። ተው!

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ሀረጎ የዋዛ ቁልቁለት አይደለም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ500 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ፍሬን ሳይለቅ የሚወርድ ሰው ቸርኬውን ያግለዋል፤ የጋለ ቸርኬ ፍሬኑን ያደክማል፣ ሲብስም ካላማዳሪውን ያፈነዳል። መታጠፊያው ሳይደርስ፣ ገና ቀጥታው ላይ እያላችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ፤ የፊቱንና የኋላውን አፈራርቁ። ቁልቁለቱን ስታጋምሱ ቁሙና ቸርኬው ይብረድ። ዝናብ ከጣለ ፍሬን ዘግይቶ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬን እጀታውን ጨብጡት፤ መሪውን ከነካ ወይ ካቦው ላልቷል ወይ ጎማው አልቋል። የካቦው ጫፍ ክር ክር ካለ ዛሬውኑ ቀይሩት። በባቲ መስመር ደግሞ የጅቡቲ ተሳቢዎች ስለሚመላለሱ ጎን ለጎን አትንዱ።

አሁን ወደ መልእክታችሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበን ይሄ ነው። ስለ ተቅማጥ ስታስተምሩ የሕይወት አድን (ኦአርኤስ) ፓኬት ቀዳችሁ በብስክሌት ጠርሙሳችሁ ትበጠብጣላችሁ። አንዱ ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ውኃ ነው፤ የብስክሌት ጠርሙስ ግን አብዛኛው 500 ወይም 750 ሚሊ ሊትር ነው የሚይዘው። እናት ያየችውን ነው ቤቷ የምትደግመው። ጨው የበዛበት ብጥብጥ የልጁን ተቅማጥ ያባብሳል፣ አደጋም አለው፤ የቀጠነው ደግሞ አይጠቅምም። ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልታችሁ አንድ ላይ ገልብጡ፣ ከዚያ ፓኬቱን ሙሉውን ጨምሩ። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ፓኬት ከጠፋ ለ1 ሊትር 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም የተላጨ እንጂ የተቆለለ አይሁን።

ልጁ ቢያስመልሰው እናቱ 10 ደቂቃ ጠብቃ በማንኪያ ቀስ እያለች ትቀጥል፤ ጡትም አታቋርጥ። ከብጥብጡ ጋር የሚሰጠው የዚንክ እንክብል ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ይሰጣል፤ ብዙዎቹ በሦስተኛው ቀን የሚያቆሙት ይህን የነገራቸው ስለሌለ ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካስቀመጠው ብስክሌታችሁ ላይ ስለ ብጥብጥ አታውሩ፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ይህን ብጥብጥ ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 በህንድ ድንበር ቦንጋኦን በተባለ ቦታ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ኮሌራ ለያዛቸው የባንግላዴሽ ስደተኞች አጠጥተውት፣ ከመቶ 30 ያህል የነበረውን ሞት ከ4 በታች አውርዶታል።

የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ በአማርኛ ብቻ ጮኻችሁ አትመለሱ፣ በሦስቱም ቋንቋ የሚናገር ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ፓኬቱና ዚንኩ በአካባቢው ጤና ኬላ መኖሩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጠርሙሶቹን ለእናቲቱ ስጧት፣ በራሷ እጅ ትለካ። ከተሳሳተች ድፉትና እንደገና አስጀምሯት።