በሞቴ፣ አንድ ትንፋሽ!

ዲሲና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ ያልገባበት ኮርስ የለም። ነርሲንጉን ተማርን። የጭነት መኪና መንጃ ፈቃዱን አወጣን። ሪል ስቴቱን ሞከርን። አይቲውማ ለቅሶ ቤት እንኳ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ "ለምን አትጀምርም? ስድስት ወር ነው እኮ" የሚልህ ነገር ሆኗል። የቀረን ውሃ ውስጥ መግባት ነበር። ይኸው እሱንም ገባን።

ተራው ስኩባ፣ አየር በሲሊንደር አዝሎ መጥለቁ፣ እንኳ ይሁን። ካንኩን ትሄዳለህ፣ ዓሣ ታያለህ፣ ፎቶ ትለጥፋለህ፣ ትመለሳለህ። ጓደኞቼ ግን በዚህ አልረኩም። "ቴክኒካል" የሚባል አለ አሉ። የመዝናኛው ጠለቃ ወሰኑ 40 ሜትር ነው። አንድ ነገር ከተበላሸ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ ትወጣለህ። ቴክኒካሉ ላይ እንዲህ የለም። ወይ ከራስህ በላይ የዋሻ ጣሪያ አለ፣ ወይ የሰመጠ መርከብ ሆድ ውስጥ ነህ፣ ወይ ደግሞ ሰውነትህ ናይትሮጅን ስለጠገበ መንገድ ላይ እየቆምክ ካልወጣህ ጉድ ይፈላል። ለዚህ ሁሉ የመግቢያ ኮርስ አለው። አራት ሆነን ተመዘገብን፤ ኢንጂነሩ፣ ነርሷ፣ ሹፌሩና እኔ።

ኢንጂነሩ ገና ሳይመዘገብ ዕቃውን ገዝቶ ጨርሷል። የጀርባ ብረቱ፣ ጥንድ ሲሊንደሩ፣ ከመኪና መብራት የሚበልጥ ባትሪው፣ ምኑ ቅጡ። ወሬው ሁሉ አንድሪያ ዶሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ፣ ናንተኬት ደሴት አካባቢ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ የሰመጠች የጣልያን መርከብ ናት። ከ70 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተኝታለች። ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ሳይቀሩ ሞተውባታል። እሱ ግን አንድም ክፍል ሳይማር "እሷን ሳላያትማ አልቀርም" ይላል። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ።

ፍየል ካልን አይቀር፣ የዚህ እየቆሙ የመውጣት ስሌት ባለውለታዎች ፍየሎች ናቸው። ጆን ስኮት ሃልዴን የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ሳይንቲስት ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሲመራመር ፍየሎችን ብረት ክፍል ውስጥ አስገብቶ አየሩን ያምቅባቸዋል፣ ከዚያ ይለቅባቸዋል። ግፊቱ በአንዴ ሲወርድ ሰውነት ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ይሆናል። ፍየሏ የፊት እግሯን አጥፋ ማነከስ ትጀምራለች። በደረጃ ሲለቅላቸው ግን ደህና ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 ጠላቂ የት የት እየቆመ መውጣት እንዳለበት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ አሳተመ። አሰልጣኛችን ይህን ሲያስረዳ ሹፌሩ እጁን አወጣ።

"ፍየሎቹ በኋላ ምን ሆኑ?"

አሰልጣኛችን ልቡ ተነካ። ለእንስሳት የሚራራ ተማሪ አገኘሁ ብሎ ረጅም መልስ ሰጠው። ሹፌሩ የጠየቀው ስለ ጥብሱ እንደነበር እኛ አውቀናል። ዝም አልን።

በክፍል ውስጥ ስለ ናይትሮጅን ስካርም ተማርን። ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮ ሰው ሞቅ ይለዋል፣ ያለ ምክንያት ያስቀዋል፣ ሞኝ ውሳኔ ይወስናል። አሰልጣኙ ይህን እንደ አዲስ ግኝት ሲነግረን ነርሷ ወደ እኔ ዞር ብላ "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" አለችኝ። አያቶቻችን ሲሊንደር ሳያዝሉ ደርሰውበታል።

የውሃው ትምህርት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ውሃ የሞላው አሮጌ የድንጋይ ካባ ላይ ነበር። ከላይ የአሜሪካ ሐምሌ ነው። ዝቅ ስትል የእንጦጦ ሐምሌ ይሆናል። ብርዱ ግን ኋላ የመጣ ችግር ነው። የመጀመሪያው ችግር ወሬ አለመኖሩ ነው። አራት ሐበሻ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ማንም ምንም ሳይናገር! እርግጥ የእጅ ምልክት አለ። እኛ ግን "አዎ" የምንለው በእጅ አይደለም። ወይ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ ወይ ቅንድባችንን እናነሳለን። ነርሷ ሁለቱንም ትጠቀማለች። ውሃ ውስጥ በአዎንታ ትንፋሽ በሳበች ቁጥር አየሯን ትበላለች፤ ደረቷ ስለሚሞላም ብድግ ብላ ወደ ላይ ትንሳፈፋለች። ቅንድቧን ስታነሳ ደግሞ ማስኩ ይላቀቅና ውሃ ያስገባል። አሰልጣኙ "ደህና ነሽ?" ይላታል፤ እሷ አዎ ለማለት ብላ አየሯን ትጨርሳለች፣ ዓይኗን በውሃ ትሞላለች።

ቀጥሎ የአየር መለኪያው፣ ጌጁ፣ መጣ። አሰልጣኙ በምልክት "ስንት ቀረህ?" ብሎ ሲጠይቅ የሚፈልገው ቁጥር ነው። ሹፌሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ይመስገን ማለቱ ነው። ደግሞ ተጠየቀ። ደግሞ አመሰገነ። ይህ ሰው መኪናው ውስጥ ነዳጅ የሚሞላው መብራቱ በርቶ ሲለምነው ብቻ ነው። እዚህ ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ አየሩ ለሦስት ይከፈላል። 3,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይዘህ ከገባህ፣ አንዱ ሺህ መሄጃ፣ ሁለተኛው መመለሻ፣ ሦስተኛው ለክፉ ቀን፣ ይልቁንም ለጓደኛህ። ነገሩም ቀልድ አይደለም። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው አራት እጥፍ ስለሆነ ሲሊንደሩም በአራት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል። ይመስገን የሚባል ቁጥር ጌጁ ላይ የለም።

ከሁሉም የሚያምረው አየር መጋራቱ ነው። አየር ያለቀበት ሰው እጁን አንገቱ ላይ እንደሚያርድ አድርጎ ያመላልሳል። ያን ጊዜ የምትሰጠው ትርፉን አይደለም። አፍህ ውስጥ ያለውን መተንፈሻ፣ ሬጉሌተሩን፣ ነቅለህ ትሰጠዋለህ። ቱቦው ሁለት ሜትር ያህል ይረዝማል። አንተ አንገትህ ሥር በላስቲክ የተንጠለጠለውን ትጎርሳለህ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አሁን ከአፍህ የወጣው እንደሚሠራ እርግጠኛ ነህ፤ የተቸገረው ሰው ደግሞ ለሙከራ ጊዜ የለውም። አሰልጣኙ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ እንደሚያመነታ አስቀድሞ አስጠነቀቀን። እኛን አላወቀንም። ሹፌሩ እጁን አንገቱ ላይ ገና ሳያደርስ ነርሷ ከአፏ ነቅላ፣ በግራ እጇ ቀኝ ክርኗን ደግፋ፣ አጎረሰችው።

ችግሩ እሱ ጋ ነው። እምቢ አለ! በምልክት "አይ፣ አንቺ" ይላታል። እሷ "በሞቴ" የሚል ፊት ታሳየዋለች። እሱ ፊቱን ያዞራል። አየር ያለቀበት ሰው ይግደረደራል! በመጨረሻ አሰልጣኙ የውሃ ሰሌዳው ላይ በትልቁ "ውሰድ!" ብሎ ጽፎ ዓይኑ ሥር ደቀነበት። ወሰደ። ልምምዱ አለቀ፣ ሁሉም ቦታው ተመለሰ። ነርሷ ግን እንደገና ነቅላ ዘረጋችለት። አንድ ጉርሻ ያጣላላ!

አሰልጣኙ ወርቃማ የሚለው ሕግ ደግሞ ይህ ነው፤ ማንኛውም ጠላቂ፣ በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ምክንያት ጠለቃውን ማቆም ይችላል። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል። ሌሎቹም ጣታቸውን አንስተው ይመልሳሉ። አለቀ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ፣ የሚቀየም፣ ትንሽ ቆይ የሚል የለም። ወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል። ሐበሻ ግን ቀድሞ "በቃኝ" ብሎ አያውቅም። ካሜራው የቀረጸውን በኋላ አየነው። አራት ሰው ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ሬጉሌተሩን ነክሶ፣ አንዱ የሌላውን አውራ ጣት ይጠብቃል። አሰልጣኙ "ደህና?" ሲል አራታችንም ደህና። ኢንጂነሩ ሲጠየቅ "እኔ ምንም አልበረደኝም፤ እሷ ብርድ ብርድ ካላት ብዬ ነው" አለ። ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር። ይሉኝታ ሳሎን ውስጥ ሲሆን ጨዋነት ነው። 20 ሜትር ላይ ግን ሰው ይገድላል፤ ለዚህ ሃልዴንም ሠንጠረዥ አላወጣለትም።

ከዚያ ግምገማ አለ። ቁጭ ብለን እያንዳንዳችን የራሳችንንና የጓደኛችንን ጥፋት ፊት ለፊት መናገር አለብን። "ጥሩ ነበር።" "በጣም ጥሩ ነበር።" "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም ጥሩ ነበራችሁ።" አሰልጣኙ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እውነተኛው ግምገማ ማታ በስልክ ተካሄደ። ኢንጂነሩ ደውሎ የነርሷን ማስክ አነሳ። ነርሷ ደውላ "ያን ሁሉ ብር አውጥቶ አግድም መንሳፈፍ ያቅተው?" አለች። ሹፌሩ ስለ ሁለቱም ደወለ። ስለ እኔ የተደወለውን አልሰማሁም፤ ግን ይኖራል።

ማለፉንስ አለፍን፤ አንዳንዶቻችን "ተጨማሪ ልምምድ" ተብለን። ያቺ የአውራ ጣት ሕግ ግን ነርሷን ሳትገባት አልቀረችም። ሰሞኑን ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና ተጠርተን ነበር። የሌሊት ፈረቃ አለባት። ከሰው መሃል ወደ እኛ አየችና አውራ ጣቷን ብድግ አደረገች። ሕግ ሕግ ነው። ሦስታችንም አውራ ጣታችንን አንስተን መለስን፣ ጫማችንን በዓይናችን መፈለግ ጀመርን።

የሕፃኑ አያት ከረከቦቱ ጀርባ አዩን።

"ውይ፣ የኔ ልጆች! ጣፈጣችሁ አይደል?" አሉና ዶሮ ወጡን ይዘው መጡ። "አቦሉ እኮ ገና ነው። በሞቴ፣ ተቀመጡ!"

በረካውን ጠጥተን ወጣን። ነርሷ ለአለቃዋ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር አለቻት።