መጣ? ሄደ!

አዳማ ውስጥ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ቆርቆሮው ተነስቶበታል ወይ ዲሹ ዞሮበታል። የሁለቱም ጥፋተኛ ያው ነፋሳችን ነው። አዳማ 1 እና አዳማ 2 በሚባሉት ማመንጫዎች እስከ 204 ሜጋዋት ለአገር ይሰጣል። ከእኔ ቤት ሲደርስ ግን ዜናውን ከመሀል ይወስዳል።

ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፣ ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ። ሁለቱ ዲሾቼ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው በሰላም ይኖሩ ነበር። አንድ ወዳጄ «ሲ ባንድ ከሌለህማ ዲሽ አለኝ አትበል» እስኪለኝ ድረስ። ስንቱን ችዬ እኖራለሁ፤ በዲሽ መናቅን ግን አልቻልኩም።

ሲ ባንድ የሳተላይት ሞገድ ዓይነት ነው፤ ኢትዮሳትና ናይልሳት ከሚመጡበት ከኬዩ ባንድ ሞገዱ ስለሚረዝም ሰፊ ዲሽ ይፈልጋል። የገዛሁት 1 ሜትር ከ80 ነው። ባጃጅ አልገባ ብሎ በጋሪ መጣ። ጎረቤታችን እማማ ከበር ብቅ አሉና «ልጄ፣ ድግስ አለብህ እንዴ? ምነው ሳትነግረኝ?» አሉኝ።

ዲሽ ሠሪው ጣሪያ ላይ፣ እኔ በር ላይ፣ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑ ጋ ሆነን ጀመርን።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«መጥቶ ሄደ!»

ሪሲቨሩ ስትሬንግዝ 90፣ ኳሊቲ 0 ይላል። ዲሹ ፊት ላይ የሚገጠመው ምልክት ተቀባይ፣ ኤልኤንቢው፣ ኮረንቲ አግኝቷል፣ ሳተላይቱን ግን አላገኘም ማለት ነው። የዕድራችን ስብሰባ ትዝ አለኝ። ጩኸቱ 90 ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ባለቤቴ «መጣ! መጣ!» አለች። ሰውየው በደስታ ብሎኑን ጥርቅም አድርጎ አጠበቀው። የመጣው ወንድሟ ነበር።

በመጨረሻ የ12 ዓመት ልጄ ሪሞቱን አንስቶ «አባዬ፣ እዚህ የተሞላው እኮ የኬዩ ቁጥር ነው» አለኝ። 9750/10600 የሚለውን አጥፍቶ የሲ ባንዱን 5150 ጻፈ። ኳሊቲ 74! ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ የፈለግነው ነገር ሶፋው ላይ ነበር። ሠሪው ግን ሙሉ ሂሳቡን ተቀበለ፤ ለልጁም ማስቲካ መግዣ ሰጠው።

ማታ ያ የአዳማ ዶፍ ወረደ። ዶፍ ሲወርድ ኬዩ ባንድ አይችልም፤ ኢትዮሳትም ናይልሳትም ጠፉ። ሲ ባንድን ዝናብ ብዙም አይነካውም። የግቢው ሰው ሁሉ እኛ ቤት ተሰበሰበ። አንድ ድራማ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቋንቋውን ግን ከመሀላችን የሚያውቅ የለም።

እማማ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ።

«ዝም በሉ እስቲ። ይቺ አማቷ ናት። መሬቱን ሽጡ እያለቻቸው ነው።»